ለታሰረ ጥርስ የሚሆን ውሃ

መምህር ዓለምነው በድምፁ የታወቀ ሰው ነበር። የጎንደር ከተማ ሰልፍ ሲወጣ ማይክሮፎኑ ቢበላሽ እንኳ ማንም አይደነግጥም፤ ዓለምነው አለ። እሱ መፈክሩን ከፍ አድርጎ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በልጅነቱ ዜማ የተማረበት ጉሮሮ ስለሆነ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ይሰማል። ሰዎች «እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» ሲሉት ደስ ይለዋል። ስለሚለው ነገር ግን ብዙ አስቦ አያውቅም። መፈክሩ ተጽፎ ይመጣል፣ ያሰማል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከአይከል ሲመለስ፣ የተሳፈረባት የጭነት ማኪና ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትዘል አገጩ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ተላተመ። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ድዱም ተቀደደ። ሆስፒታል ውስጥ ድዱን ሰፍተው የላይኛውንና የታችኛውን ጥርሱን በቀጭን ሽቦ አንድ ላይ አሰሩለትና ስድስት ሳምንት አፉን እንዳይከፍት ነገሩት። ምግቡ አጥሚትና የተጣራ ሾርባ ሆነ፤ እሱንም ቀድሞ በወለቀ ጥርሱ ክፍተት በኩል በቀጭን ቱቦ ይስባል። መናገር ሲፈልግ ከትምህርት ቤት ባመጡለት ትንሽ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል።

ከሆስፒታል የወጣ ቀን ያከመችው ነርስ፣ ሲስተር መንበረ፣ እሱንና ባለቤቱን እናኑን አስቀምጣ መከረቻቸው።

«አጥንቱ በራሱ ጊዜ ይገጥማል፣ መምህር። እኔን የሚያሰጋኝ ድድዎ ነው። ሽቦው ምግብ ይይዛል። መፋቂያ አይገባበትም፣ ብሩሽም ከላይ ከላዩን ብቻ ነው የሚነካው። በበሉ ቁጥር ውሃ እየተገፋ በየመሀሉ መግባት አለበት። ካመረቀዘ ሽቦውን ፈትተን እንደገና መጀመራችን ነው።»

«በምን እንግፋው?» አለች እናኑ።

«መርፌ በሌለው ሲሪንጅም ይሆናል፣ በሌላም ይሆናል። ቤታችሁ የሚመቻችሁን ምረጡ። ውሃው ፈልቶ ለብ ያለ፣ ጨው ጣል የተደረገበት ይሁን። ደግሞ ግፊቱን አታብዙት።»

እናኑ ቴሌ ውስጥ የስልክ አገናኝ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ይጠብቁ»፣ «ይናገሩ» ስትል ትውልና ቤት ስትገባ ዝም ትላለች። ዓለምነው ዝምታዋ ተፈጥሮዋ ይመስለው ነበር።

ምርጫው የተጀመረው በጎረቤታቸው በአልማዝ ነው። አልማዝ የሕፃን አፍንጫ የምታጸዳበትን የጎማ ፊኛ ይዛ መጣች። እናኑ አጥባ መጀመሪያ በራሷ አፍ ሞከረችው።

«ጎማ ጎማ ይላል» አለች። «ደግሞ ውስጡ አይታየኝም። ውስጡን የማላየውን ዕቃ አፍህ ውስጥ አልከትም።» ፊኛው ከምስጋና ጋር ተመለሰ።

ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት የመስታወት ሲሪንጅ ገዛች። ይቀቀላል፣ ውስጡም ይታያል፣ ግፊቱም በአውራ ጣት ይታዘዛል። ችግሩ ውሃው ቶሎ ማለቁ ነው፤ እየደጋገሙ መሙላት አለ። ከዚያም በላይ ዓለምነው የኋላ ጥርሱን ስለማያይ ሰው ጉንጩን ገልጦ ሊያጥብለት ይገባል። ይህ አልተዋጠለትም። እንደ ሕፃን ከንፈሩን ስታነሳው ዓይኑን ይጨፍናል።

በሦስተኛው የእናኑ ወንድም ምናለ መጣ። ጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰ ነው። ከላይዋ የውሃ ማጠራቀሚያ ያላት፣ ከጎኗ ቀጭን ቱቦ የወጣባት፣ ቱቦው ጫፍ ላይ እንደ ብዕር የምትያዝ ነገር የተሰካባት ነጭ ማሽን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እዚያ አገር ጥርሱ የታሰረ ሰው በዚህ ነው የሚታጠብ። ሶኬት ላይ ስትሰካት ውሃውን ቶሎ ቶሎ እየቆራረጠች ትረጫለች። አንተው ይዘህ አንተው ትታጠባለህ።»

ዓለምነው ሰሌዳውን አንስቶ በትልቁ «ይቺን!» ብሎ ጻፈ።

ሲስተር መንበረ ግፊቱን አታብዙት ማለቷን ረስቶት ሳይሆን፣ ትንሽ ውሃ ይህን ሁሉ ሽቦ ያጠራል ብሎ ስላላመነ የግፊቱን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው። ውሃው የተሰፋውን ድዱን ሲመታው ዓይኑ ጨለመ። ቱቦውን ለቀቀው፤ ቱቦውም እንደ እባብ እየተገላበጠ ግድግዳውን፣ መጋረጃውንና ምናለን አጠበ። እናኑ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ቀልቷል።

«ምነው፣ ሰልፍ መሰለህ እንዴ?» አለችው።

ሳቁ መጣበት፤ በታሰረ አፍ መሳቅ ግን ያማል።

በማግስቱ ሲስተር መንበረ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። «ማሽኗ ጥሩ ናት። ግን በዝቅተኛው፣ ያውም ቁስሉ ሲደርቅ። እስከዚያው በሲሪንጁ ይሁን።»

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እናኑ ሥራ ከመግባቷ በፊት መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። እሱ ሳፋው ላይ ያጎነብሳል፤ እሷ ጉንጩን በጣቷ ገለጥ አድርጋ በድዱ ጥግ ጥጉን ቀስ እያለች ትገፋለች። ውሃው የያዘውን ይዞ በከንፈሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱም ዝም ይሉ ነበር። አንድ ጠዋት ግን፣ ምናልባት መልስ የሚሰጣት ስለሌለ ይሆናል፣ ወሬ ጀመረች።

«ትናንት አንዲት ሴት ከወገራ በእግሯ መጣች» አለች ሲሪንጁን እየሞላች። «'አስመራን ስጪኝ' አለችኝ። 'አስመራ ማንን?' አልኳት። 'ልጄን' አለች። ቁጥር የላት፣ የጦር ክፍሉን አታውቅ። አዘንኩላትና የማውቃትን የአስመራ አገናኝ ለመንኳት። ስታጠያይቅ ቆይታ 'የለም አሉ' አለችኝ። ተዛውሮ ይሁን ሞቶ አልተናገሩም። ለሴትዮዋ 'መስመሩ አልሠራም' አልኳት።»

ዓለምነው ቀና ሊል ሲል አገጩን ያዘችው። «ገና ነው፣ በግራ በኩል ቀርቷል።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ታወራ ጀመር። ስለሚደውሉ አባቶች፣ ማዳመጥ ክልክል ቢሆንም ጆሮ እንደማይዘጋ፣ አንዳንድ ቀን ማዳመጫውን አውልቃ መታጠቢያ ቤት ገብታ እንደምታለቅስ ነገረችው። አንድ ቀን ፊቱን ሳይጠርግ ሰሌዳውን አንስቶ ጻፈ፦ «ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

አነበበችው። ከዚያ ሲሪንጁን እያደረቀች፣ ያለ ቁጣ፣ «መቼ?» አለች። «አንተ ስትናገር ነው የምትውለው።»

ያን ቀን ዓለምነው ከቤት አልወጣም። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳስተጋባው ሊያስታውስ ሞከረ። ምልምሎቹን የጫኑት ማኪናዎች ሲነሱ እጃቸውን የሚያውለበልቡት ልጆች ፊት አንድ በአንድ ይመጣበት ጀመር፤ ጥቂቶቹን ፊደል ያስቆጠራቸው እሱ ነው። የዚያች የወገራ እናት ልጅ ከእነዚያ አንዱ ይሆን? ማወቂያ የለውም።

ቁስሉ ሲደርቅ ማሽኗ እንደገና ወጣች። በዝቅተኛው ሲያደርጋት እውነትም ሸጋ ሆነች፤ ሲሪንጁ የማይደርስበትን ሁሉ ታጥባለች። ምናለ «አላልኳችሁም?» አለ። ማታ ማታ መብራት ካለ ዓለምነው ብቻውን በእሷ ይታጠባል። ጠዋት ግን ሲሪንጁን ቀቅሎ መስኮቱ አጠገብ ይጠብቃል። እናኑም ለምን ብላ አልጠየቀችውም።

ሽቦው የተፈታው ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው። ሲስተር መንበረ ድዱን በመስታወት አይታ «ሰው ሁሉ እንደ እናንተ ቢታጠብ ሥራ እፈታ ነበር» አለች። አፉ መጀመሪያ ጣት ብቻ ያስገባ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ዳቦ መግመጥ ቻለ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ነጋ የመጣው ያኔ ነው።

«ጓድ ዓለምነው፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ! ቅዳሜ ምልምሎቹን እንሸኛለን። ያለ አንተ ሜዳው ቀዝቅዟል።»

ዓለምነው መለሰ፤ ግን ከንፈሩን እምብዛም ሳያላቅቅ። «መንጋጋዬ አልጠናም።»

«ተፈታልህ አይደል እንዴ?»

«ሽቦው ነው የተፈታ» አለች እናኑ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ። «ከጮኸ ይሰነጠቃል። እንደገና ይታሰር ካልክ ውሰደው።»

ነጋ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ማሽን አየ። «ይማርህ» ብሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ባልና ሚስት ተያዩ።

ቅዳሜ ዓለምነው ሜዳው ድረስ ሄደ፤ ከመድረኩ ሳይሆን ከሸኚዎቹ ኋላ ቆመ። መፈክሩን አንድ ሌላ ሰው አሰማ፣ ድምፁ ቀጭን ነበር። ማኪናዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ወደ እሱ ቀረበች።

«አያ፣ አስመራ ላለ ልጄ ስልክ የሚደወለው ወዴት ነው?»

በጣቱ ሊያሳያት እጁን አነሳ። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና «ነይ፣ አደርስሻለሁ» አላት፤ መንገድ እንደገቡም የልጇን ስምና የጦር ክፍሉን ቀስ ብሎ ይጠይቃት ጀመር።