በመጀመሪያው ዋንጫ አመሰግናለሁ

ሴርቪሊያና ዱዋርቴ የሟች ባለቤቴ የኒምያ የአክስት ልጅ ናት። ሞተር ብስክሌቷን ከበራችን ማንጎ ሥር ሳታቆም ድምፅዋ ቀድሞ ይገባል። «ውሃው ቀዝቅዟል ወይስ ልመለስ?» ትላለች። ከኪሷ ቺፓ፣ እዚህ ፓራጓይ የምንበላው የአይብ ዳቦ፣ አይጠፋም፤ ግማሹን ራሷ ትበላለች፣ ግማሹን ለውሻችን ትሰጣለች። ኒምያ በዚህ ትቆጣት ነበር። አሁን የሚቆጣት ስለሌለ ሙሉውን ለውሻው ትሰጠዋለች።

ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ በከተማው ሆስፒታል ረዳት ነርስ ነበረች። በሽተኛ ማንሳት ሲያቅታት ጡረታዋ ገና ስለነበር የጤና ቢሮው ሌላ ሥራ ፈለገላት። በዚያው ሰሞን አንድ የውጭ ድርጅት ለጤና ኬላ ነርሶች ስልጠና መስጠት ጀምሮ ነበር። ሰልጣኞቹ በመጨረሻው ቀን አስተያየት ሙሉ ሲባሉ ሁሉም «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ወደ ምሳ ይሄዱ ነበር። ድርጅቱም አላመነም። ኬላ ለኬላ እየዞረ፣ ቁጭ ብሎ፣ በአፍ የሚጠይቅ ሰው ይፈለግ አለ። ሰው ማናገር የሚችል ማነው ሲባል ሴርቪ ተጠራች።

«አየህ ፊደንሲዮ፣ ወሬ ደመወዝ የሚከፈልበት ዘመን መጣ» አለችኝ ያን ቀን።

ስልጠናው መጥፎ አልነበረም። ችግሩ ነርሷን ሳምንቱን ሙሉ ከተማ ማስቀመጡ ነው። እንደኛ እንደ ኢስላ ጓቪራ ባለ ቦታ ያለችው ነርስ አንዲት ናት። እሷ ስትሄድ ኬላው ይቆለፋል። አልሄድም ካለች ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ ኮንትራቷ አይታደስም።

ኒምያ የሞተችው እንደዚያ ባለ ሳምንት ነው። አስሟ ተነሣባት። ተሸክሜ ኬላው በር ድረስ አደረስኳት፤ በሩ ተቆልፎ ነበር። ነርሷ ሱኒልዳ ከተማ ሆና፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንዴት እንደሚረዳ እየተማረች ነበር። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሲሄድ ሴርቪ ቀርታ ሳህኖቹን አጠበች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «ይህን እኔ ካልተናገርኩ ማን ሊናገር ነው? ሥራዬ አይደል?» አለች። የፈለገችው ብዙ አልነበረም። ወይ ስልጠናው ወደ ኬላዎቹ ይምጣ፣ ወይ ነርሷ ስትሄድ ተተኪ ይላክ። በሩ ብቻ እንዳይቆለፍ።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሱኒልዳ ነው። እኔም በረዶ ይዤላቸው ሄጄ ስለነበር ከኬላው በረንዳ ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

«ሱኒ፣ የምትይኝን እንዳለ እወስደዋለሁ። ንገሪኝ።»

«ምን ልበልዎት ዶኛ ሴርቪ? በሩ ይዘጋል ብል፣ ይህን ያለችው ማነች ይባላል።»

«ስምሽን አልጠራም።»

«እርስዎ ባይጠሩትም በሩ ይጠራዋል። አንድ ነርስ ብቻ ያለበት ኬላ የትኛው እንደሆነ ማን ያጣዋል?»

ይህን ስትል እኔን አየችኝና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ቦነስ አይረስ እንደሄደ ነው። አልተቀየምኳትም። ልቀየመው የምችለውን ሰው ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

እኛ ዘንድ ቴሬሬን፣ በበረዶ ውሃ የሚዘፈዘፈውን የቅጠል መጠጥ፣ የሚቀዳው አንድ ሰው ነው፤ ዋንጫውም አንድ፣ መምጠጫውም አንድ። የደረሰህን ጠጥተህ ዝም ብለህ ትመልሳለህ፣ ተራው ዞሮ ይመጣልሃል። «አመሰግናለሁ» ካልክ በቃኝ ማለትህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይቀዳልህም። ስለዚህ ነው ልጆቻችን ምስጋናን እንዳያስቀድሙ የሚመከሩት።

ሱኒልዳ ያን ቀን ጠጥታ ጨረሰችና ዋንጫውን ለሴርቪ ዘረጋችላት።

«እንግዲያው እንዲህ ይበሏቸው፤ ስለ ስልጠናው፣ ሱኒልዳ አመሰግናለሁ ብላለች።»

ሴርቪ ትንሽ አፈጠጠችባት። ከዚያ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«አንቺ ቀጣፊ!»

«ምነው? አመሰግናለሁ ብሎ የተባረረ ሰው አለ?»

«ቢሮውን የሚመራው ዶክተርስ ይገባዋል?»

«ዶክተር ኦቬላር እዚሁ ቀይ ጭቃ ላይ ያደገ ሰው አይደል? ቴርሞሱ ከብብቱ ወጥቶ ያውቃል? ካልገባው ቴርሞሱን ይቀሙት።»

ቀልዱ በስልክ ከኬላ ኬላ ሄደ። ሴርቪ ሌላ ቦታ ስትደርስ ሞተሯን ገና ሳታጠፋ ይቀበሏት ጀመር። አንዱ ወፍራም ነርስ፣ «እኔም አመሰግናለሁ ዶኛ፤ እስከዚህ ድረስ አመሰግናለሁ» ብሎ በመዳፉ አንገቱን አሳያት። ሌላዋ፣ «የኔን ሁለት ጊዜ በይልኝ፣ አማቴም ታመሰግናለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ልጆቼን ስትጠብቅ ወገቧ ተቆርጧል» አለቻት። ሴርቪ እየሳቀች ዞረች። ከኒምያ ሞት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

በቢሮው የተደረገውን ስብሰባ የነገረችኝ ራሷ ናት። የድርጅቱን ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ሴኞራ ኢዶያ ከስፔን መጥተው ነበር። ደግ ሴት ናቸው ትላለች፤ የሁሉንም ስም አጥንተው ነው የመጡት። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ቴሬሬውን የሚቀዳው ዶክተር ኦቬላር ራሱ ነው። ለእንግዳዋም ቀድቶላቸው፣ እሳቸውም እምቢ አሉ እንዳይባል በጨዋነት ቀምሰው መልሰውለታል።

«ዶኛ ሴርቪሊያና፣ ነርሶቹ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«አመሰግናለሁ አሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ሴኞራ። በአንድ ቃል።»

እንግዳዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ዶክተሩ ሲቀዳ የነበረው ውሃ ዋንጫውን ሞልቶ በጣቶቹ ላይ ፈሰሰ።

«ገብቶታል» አለችኝ ሴርቪ። «ፊቱን አየሁት ፊደንሲዮ፣ ገብቶታል።»

አንዲት ቃል እንዲናገር ጠበቀችው። ነርሶቹ ሁሉ የተማመኑት በሱ ነበር። ማናቸውም ያላሰቡት ነገር ቢኖር፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከፓራጓይ ርቆ ያደገ ሰው ጆሮ ዘንድ መሆኑን ነው። ዶክተሩ ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። የአምቡላንሱ ነዳጅ የሚመጣው ከዚያው ድርጅት ነው። እሱንም የያዘው ገመድ አለ።

«ሌላ የሚጨመር ነገር ይኖራል?» አሉ ሴኞራ ኢዶያ።

ሴርቪ አፏን ከፈተች። በሩ ሲቆለፍ ሰው ይሞታል ልትል ነበር። የቱ በር ብለው እንደሚጠይቁ አወቀች። የኛን በር ስታስብ ሱኒልዳ ከነልጆቿ እዚያ በር ላይ ቆማ ታየቻት። ኒምያም ታየቻት። በዚህ መሃል ተራው ደረሰና ዶክተሩ ዋንጫውን ሰጣት። ለሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ጠጣችና መለሰችለት።

«አመሰግናለሁ፣ ዶክተር።»

በመጀመሪያው ዋንጫ፣ በዚያ ሙቀት። ሰው ቤት ገብቶ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ተፍቶ እንደመነሣት ነው። የቢሮው ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ሒሳብ ሹሙ ያላመመውን ጉሮሮ ጠረገ። ዶክተሩ ዋንጫውን ይዞ ቀረ፤ ለማን እንደሚቀዳ የጠፋው ይመስል ነበር።

«እንዴት ያላችሁ ትሑት ሰዎች ናችሁ» አሉ ሴኞራ ኢዶያ።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩ ተከተላት። «ዶኛ ሴርቪ፣ ሰምቻለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መስማትዎንማ አየሁ፣ ዶክተር» ብላው ሄደች።

ስልጠናው ይህን ያህል ከተወደደ በየሁለት ወሩ መሆኑ ቀርቶ በየወሩ ይሁን ተባለ።

ሴርቪ ወሬውን ይዛ ስትመጣ ከማንጎው ሥር ነበርኩ። ውሃው ቀዝቅዟል ወይ አላለችም። ተቀምጣ የራስ ቁሯን ጭኗ ላይ አደረገች።

«አስከፍተዋለሁ ያልኩህን በር ደርቤ ቆለፍኩት።»

«ጠጪ» አልኳት።

«ብናገር ሱኒን እበላለሁ። ዝም ብል ይኸው።»

«ጠጪ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው።»

ሥራውን ተይው ልላት አስቤ ነበር። ግን ብትተወው ጡረታዋን ታጣለች፤ በቦታዋም ሌላ ሰው ይዞራል፣ ምናልባትም ቀልዱ የማይገባው። ስለዚህ ውሃው ላይ በረዶ ጨመርኩ። በማግስቱ ሞተሯን አስነሥታ ነርሶቹን ስለሚቀጥለው ስልጠና ልትጠይቅ ሄደች።

ስልጠናው ሊጀመር ሲል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሱኒልዳ ቤቴ መጣች። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የኬላው ቁልፍ ነው።

«ዶን ፊደንሲዮ፣ ይህን ማድረግ አይፈቀድልኝም።»

«እንግዲያው አታድርጊው።»

«የትንፋሽ መሣሪያው በስተግራ መደርደሪያ ላይ ነው። ይምጡ ላሳይዎት።»

አብረን ሄድን። ጭንብሉ እንዴት እንደሚያዝ፣ መድኃኒቱ የት እንደሚጨመር አሳየችኝ፤ ከዚያ እኔ እያደረግኩ እሷ አየች። ስሳሳት እንደገና አስጀመረችኝ። የኒምያን ስም ሁለታችንም አላነሣንም።

አሁን ስልጠና በመጣ ቁጥር ኬላው ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ብዙ አልችልም። ቁስል አጥባለሁ፤ ትንፋሽ ላጠረው ጭንብሉን እይዛለሁ፤ ሕመሙ ለከበደበት ፈረስ ያለውን ጎረቤት እጠራለሁ። በሩ ግን ክፍት ነው። የማላውቀው መኪና ድምፅ ስሰማ ተነሥቼ ከውስጥ እቆልፋለሁ፤ እስኪያልፍ ድረስ ጨለማው ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ። ብገኝ ሱኒልዳ እንጀራዋን ታጣለች፤ እያወቀች ዝም ያለችው ሴርቪም አትተርፍም። በዚያች ሰዓት የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ባለፈው ስልጠና ሳምንት የሰማሁት የሴርቪ ሞተር ነበር። በሩን መልሼ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ገብታ የነርሷ ወንበር ላይ እኔን አየችኝ፤ ከኪሷ ቺፓዋን አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ።

«እንግዲህ የዚህ ኬላ ባለሙያ አንተ ነህ። ስለ ስልጠናው ምን ትላለህ?»

ቀዳሁላት። ጠጣችና ዋንጫውን ዝም ብላ መለሰችልኝ። ለራሴ ቀዳሁ፣ ደግሞ ለሷ። በረዶው እስኪያልቅ ድረስ ከሁለታችን ማንም አመሰግናለሁ አላለም።