ባዶውን የማይነዳው ባሌ

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «ሹፌሩ» ይለዋል። መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ተሳፍሮም ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የሚነዳው ብስክሌት ነው፣ ያውም የሰው ዕቃ የተቆለለባት ብስክሌት። ፍራሽ በሉ፣ ወንበር በሉ፣ የጋዝ ሲሊንደር በሉ፣ የማይጭነው የለም። አንዴማ የቁም ሣጥን በር ከነመስታወቱ ጭኖ በገበያው መሃል ሲያልፍ፣ ሴቶቹ ከኋላው እየተከተሉ ፀጉራቸውን ሲያስተካክሉበት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ስለ ጭነት አንድ ነገር ከጠየቃችሁት ጉዳችሁ ፈላ። «ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ» ብሎ ይጀምራል። «ግራና ቀኙ ካልተካከለ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ስትጎትትህ ትውላለች። ከኋላ በጣም ካበዛህ የፊት ጎማው መሬቱን ይረሳዋል።» ከሁሉም የሚጠላው ግን ጎደሎ ጄሪካን ነው። ሙሉ ከሆነ ውሃው አርፎ ይቀመጣል፤ ጎደሎ ከሆነ በየመታጠፊያው እየተንቦጫረቀ ሰው ይጥላል። «እንደ አንዳንድ ሰው ነው፣ አርፎ አይቀመጥም» ይልና ወደ እኔ ያያል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ምላሴም እንደ መቀሴ ነው ይሉኛል፤ ስለዚህ የሚገባውን መልስ ሰጥቼው ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ይኸው ሰው አንድ ጉድ አለበት፤ ባዶ ብስክሌት አይነዳም። የሰው ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ዙሪያውን ያማትራል። ጡብ ካገኘ ጡብ፣ አሸዋ ካገኘ አሸዋ በጆንያ፣ ምንም ካጣ ድንጋይ ጭኖ ይመጣል። በዚህ የተነሣ ግቢያችን የግንበኛ መጋዘን መስሏል። ጎረቤት አጥር ሲያጥር ድንጋይ ካነሰው ወደ እኛ ነው የሚመጣው። «አንተ ሰው፣ ድንጋይ ጠፍቶን ነው?» ስለው «ባዶ ስትሆን ትቀብጥብኛለች» ይለኛል። ነገሩ ከልጅነቱ የመጣ ነው። አባቱ እህል አመላላሽ ነበሩ፤ ጆንያ ከብስክሌታቸው ላይ ወርዶ አያውቅም። እሱም መንዳት የተማረው በተጫነችው ላይ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ እንደ ወግ እንጂ እንደ ቁም ነገር ሰምቼው አላውቅም።

የዛሬ ዓመት ገደማ አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሣ ሲል «ቤቱን ማነው የሚያዞረው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ «ድንጋይህ ከብዶት ይሆናል» ብዬ ሻዬን መጣድ ቀጠልኩ። ድው ሲል ሰማሁ። ዞር ስል፣ የአልጋውን እግር ጨብጦ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

ጎረቤት ጠርቼ ደግፈን ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ጆሮውን አየች፣ ዓይኑን አየች፣ በአንድ እግሩ ቁም ስትለው ባሌ እንደ ሰካራም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። «አባባ፣ የሰው ሚዛን የሚጠበቀው በውስጠኛው ጆሮ ነው። የእርስዎ በአንድ ወገን ታሟል። ይድናል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል» አለችው። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ሕመሙ አንድ ቃል አልተነፈሰም። «አባባ አለችኝ እኮ! እኔን! አባባ!» እያለ ሲብሰለሰል ደረስን።

እውነትም ዳነ። መድኃኒቱን ዋጠ፣ የታዘዘለትን የአንገት እንቅስቃሴ እያጉረመረመ ሠራ፣ ቤቱም መዞሩን ተወ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሟ ዓይኑን አስጨፍና አቆመችው፤ ፍንክች አላለም። «ብስክሌትዎን መንዳት ይችላሉ» አለችው። «ግን መጀመሪያ ያለ ጭነት፣ ሜዳ ላይ፣ ቀስ እያሉ ይለማመዱ።» ለማንም ሰው ቢነገር ትክክለኛ ምክር ነው። እሷ ባሌን ከየት ታውቀዋለች? እኔ ነኝ የማውቀው፣ እኔም ልብ አላልኩም። እንዲያውም «ሐኪም ያዘዘው ይፈጸማል!» ብዬ አለቃ ሆንኩበት። የመፍቻ ቦርሳውን ከመጫኛው ላይ ፈታሁ፣ የፊቱን ቅርጫት አነሣሁ፣ ብስክሌቷን መላጣዋን አስቀርቼ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይዤው ሄድኩ።

ወጣ። ፔዳሉን መታ። መሪው ወዲያና ወዲህ ተወናጨፈና ወደቀ። «አይዞህ!» አልኩት። ተነሣ፣ ወጣ፣ ወደቀ። እንደገና ሲሞክር ወደ ግራ ሄደ ስል በቀኝ በኩል ተዘረረ። ጉልበቱን አራግፎ ተነሣና፣ እንደ ልማዱ ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጆሮዬ አልዳነም። በቃ፣ አበቃልኝ» አለ።

«ሐኪሟ ድነዋል ብላለች እኮ!»

«ሐኪሟ አልወደቀችም። የወደቅኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ባሌን ለጠላቴም አይስጠው። ጠዋት ተነሥቶ ይላጫል፣ የካቴና ቅባት እንዳይነካው የሱሪውን ጫፍ እንደ ድሮው ጠቅልሎ ያስራል፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ሰዎች «ሹፌሩ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?» ሲሉት «እስቲ እናያለን» ይላል። ቀስ በቀስ መጠየቁንም ተዉት፤ ዕቃቸውን ሌላ ሰው ጫነላቸው። እሱ ሥራ ሲፈታ እጁ የት እንደሚገባ ጠፋው። ክሮቼን በየቀለማቸው ደረደረልኝ። አዝራሮቼን በየመጠናቸው ለየልኝ። አንድ ቀን ደግሞ መቀሴን «ስዬልሻለሁ» ብሎ ወረቀት እንኳ የማይቆርጥ አድርጎ መለሰልኝ። ተናድጄ ልጮህበት አፌን ስከፍት ዓይኑን አየሁትና ተውኩት። ቅስሙ ተሰብሯል። በዚያው ሰሞን ክርኑ ላይ አዲስ ቁስል አየሁ። ሳልነቃ በጠዋት ወጥቶ ባዶዋን ሞክሯታል፣ ወድቋል፣ ለእኔ አልነገረኝም። ያ ነው አንጀቴን የበላው።

አንድ ቀን ምሳ እየበላን «ብስክሌቷን ለዳቦ ጋጋሪው ልሸጥለት ነው» አለኝ። ዳቦ ጋጋሪው ለማድረሻ የሚሆን ብስክሌት ሲፈልግ መክረሙን አውቃለሁ። «ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ ብዬዋለሁ። እዚህ ዝጋ ከምትቀር ዳቦ ብትሸከም ይሻላል።» ያቺን ብስክሌት ስንቴ ረግሜያታለሁ! በጠባቧ ቤታችን ውስጥ ግማሹን ቦታ የያዘችው እሷ ናት፤ መሪዋ የደንበኞቼን ልብስ ስንቴ ጎትቶ ጥሏል። ግን እሷ ከወጣች እሱ ከዚያ ወንበር እንደማይነሣ ገባኝ።

«እንዳትሸጣት» አልኩት።

«ለምኔ? ቁጭ ብዬ ላያት?» አለ።

ቅዳሜ ደረሰ። የስፌት ማሽኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን መርፌ መስበር አብዝታ ነበር። ጠጋኙ ያለው ወደ ዳቦ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ማሽኗ ደግሞ የድሮ ብረት ናት፣ ክንዴ አይችላትም። «እግረ መንገዷን ይቺን ታድርስልኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ተንኮል አልነበረበትም።

ጭነት ሲያይ እጁ ነፍስ ዘራ። ማሽኗን በብርድ ልብስ ጠቀለላት። ከባዱን ወገኗን ወደ መቀመጫው አስጠግቶ መጫኛው ላይ አሳረፋት፣ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ግራና ቀኝ አሰራት፣ ነቅነቅ አደረጋት። አልረካም። ፈታና የጣት ያህል ወደ ግራ ገፋት፣ መልሶ አሰራት። «አሁን ተቀመጠች» አለ። ይህችን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

እሱ መሪውን ይዞ እየገፋ፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ ሄድን። መንገዱ ቁልቁል ማዘንበል ሲጀምር ብስክሌቷ ከነማሽኗ ፈጠነች። ወይ ፍሬን መያዝ ነው ወይ አብሮ መሮጥ። ባሌ ሮጠ። ሮጠና፣ ምን እንደታየው እንጃ፣ ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ፣ ቀኙን በፊት በኩል አሻገረ፣ ወጣ!

«ማሽኔን!» ብዬ ጮህኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የጮህኩት ለማሽኔ ነው። «አንተ ሰው! ሰብረሃት ተመለስና ታያለህ!» ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ከኋላው ሮጥኩ። እሱ ግን አልወደቀም። ጀርባው ቀጥ ብሏል፣ መሪው ፍንክች አላለም። ከታች ሲደርስ በሰፊው ዞሮ ወደ እኔ መጣ፣ አልፎኝ ሄደ፣ እንደገና ዞረ።

«ጆሮዬ ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ጆሮውን አየው።

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። «አንተ! መቼ ባዶዋን ነድተህ ታውቅና ነው ሜዳ ላይ ባዶዋን ስሰጥህ የማትወድቀው?» አልኩት እያለከለክሁ።

ፍሬን ይዞ ቆመ፣ አሰበ። «እጄ እኮ የለመደው ከባድ ነው» አለ። «ተጭና ሳለች መሪውን ገፋ ካላደረግኩት አትሰማኝም። ባዶዋን በዚያው ጉልበት ስገፋት ትገለብጠኛለች።» ከዚያ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያ ወንበር ላይ ምን አስቀመጠኝ?» አለ። ተያየን። ሳቅ አፈነን። መንገድ መሃል ቆመን እንደ እብድ ሳቅን።

ማሽኗን ለጠጋኙ አስረክበን ስንወጣ ግን ብስክሌቷ እንደገና መላጣዋን ቆማ ጠበቀችን። ባሌ ዙሪያውን አማተረ። ድንጋይ የለም፣ ጡብ የለም፤ ጠጋኙ ደጁን ጥርግ አድርጎ የሚይዝ ሰው ነው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«ቁልቁለቱ ይሆናል ደግፎ የያዘኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደግሞ ለሰውዬው ቃል ሰጥቻለሁ።» መሪውን ይዞ ሊገፋ ተነሣ። ዳቦ ቤቱ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። እየገፋት ከደረሰ እንደሚሸጣት፣ እየነዳት ከደረሰ እንደማይሸጣት እንደ ፀሐይ ታየኝ።

ሄጄ መጫኛው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጭነት ፈልገህ የለ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ያየናል!»

«ይየና! ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔም ካልታዘልኩ መዳንህን አላምንም።»

ሳቀ፤ ከዚያ ሥራ እንደያዘ ሰው ወዲያው ኮስተር አለ። «በአንድ ጎን አይሆንም፣ እግርሽን ግራና ቀኝ አድርጊ» አለኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ እንዳለኝ አደረግኩ። «ወደ እኔ ጠጋ በይ። ስታጠፍ አብረሽኝ አዘንብዪ። ልሽሽ ብለሽ ወደ ሌላ ወገን ከተጋደልሽ ሁለታችንም መሬት ነን። አትዙሪ፣ አታውሪ። ጆንያ ሁኚ።»

«ጆንያ? እኔ?»

«ይኸው ጀመረች» አለና ፔዳሉን መታ።

መንገዱ ሜዳ ነው፤ ቁልቁለት የለም፣ የሚረዳን የለም። መጀመሪያ ተወላገድን። «ወደቅን!» ልል ስል ከንፈሬን ነከስኩ። መሪው ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ ከዚያ ረጋ። መታጠፊያው ላይ ብስክሌቷ ዘመም ስትል መላ ሰውነቴ ወደ ሌላው ወገን ሽሽ ሽሽ አለኝ። አልሸሸሁም። ወገቡን ጥብቅ አድርጌ ይዤ፣ ጉንጬን ጀርባው ላይ ለጥፌ፣ እሱ ባዘነበለበት አዘነበልኩ። ታጠፍን። ቀጥ አልን። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ጉንጬ ላይ ይሰማኛል። ይሳቅ ያልቅስ አላውቅም፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት እንደሆነ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሲያየን አፉን ከፈተ።

«ሹፌሩ! ኧረ ቁም! ብስክሌቷን አመጣህልኝ አይደል?»

ባሌ አልቆመም። እንዲያውም ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ መታው።

«ይቅርታ ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ። «ጭነት ላይ ነኝ!»

ዳቦ ጋጋሪው እኔን አየ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም በትዳር ዘመኔ ሁሉ ያን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም፤ ጭነት ተብዬም ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።