ፓስፖርቱና የእናቴ መቀነት

እናቴን ለዓይኗ ሕክምና ሕንድ ይዣት ስሄድ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው ቤታችን ገና ሳንወጣ ተጣላን። የሁለታችንንም ፓስፖርት በመሐረብ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ልትቋጥር ስትል ደርሼ ነጠቅኳት።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ አስኮ ገበያ መሄድ አይደለም" አልኳት።

እኔ ለጉዞው ብዬ የገዛሁት ባለ ብዙ ዚፕ ቦርሳ ነበረኝ። ቦሌም ዴልሂም ፓስፖርት ሲጠይቁን ዚፑን በኩራት እየከፈትኩ አሳየሁ።

በገባን ማግስት ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ከታክሲ ወረድን። ክንዷን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ትከሻዬ ቀለለኝ። ቦርሳውን ታክሲው ውስጥ ረስቼዋለሁ። ዞር ብዬ ሳይ መኪናው የለም። መዝጋቢዋ ፓስፖርት ስትጠይቀኝ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እናቴ በዳበሳ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ መቀነቷን ፈታችና መሐረቡን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱም ፓስፖርቶች ከገላዋ ሙቀት የተነሳ ሞቀዋል። እንደዚያን ቀን ተንፍሼ አላውቅም፤ ቦርሳው ገደል ይግባ።

"መቼ አወጣሻቸው?"

"ትናንት ማታ፣ ባኞ ቤት ስትገቢ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳትቆጪኝ ፈርቼ ነዋ" አለችኝ።