የታጠበው ዛጎል
ፊደል በወጉ ሳልዘልቅ ስለ ሰው ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ።

መርሳ ከተማ፣ ሀጂራ ቤት በእንግድነት ያረፈው የድሮ ዘመን አጥኚ ሽማግሌ፣ የጥንት ሰዎች ሥጋውን በልተው የጣሉትን ዛጎል ከጅቡቲ ጠረፍ ቆፍሮ፣ አፈር እንደለበሰ በከረጢት ይዟል። ሲቀመጥም ከረጢቱን እንደ ሕፃን ያቅፋል። ለዙህር ሶላት ወጣ ሲል ሀጂራ ዛጎሉን በሳሙና አጥባ ጠበቀችው።

«ወላሂ አባቴ፣ የእንግዳ ዕቃ ቆሽሾ አይሸኝም ብዬ ነው!»

ሽማግሌው የታጠበውን ዛጎል አገላብጦ አየና ነገሩን አስረዳት። የዛጎሉን ዘመን የሚነግረው ያ አፈር ነበር፤ የሁለት ወር ድካሙ በውሃ ሄደ። ሀጂራ ይህን ስትሰማ ዕንባዋ መጣ።

«አይዞሽ ልጄ» አላት፤ «እነዚያ የጥንት ሰዎች ባሕሩ ሲሸሽባቸው ፍየል ማርባት ለምደው ኖረዋል። እኔስ ምን ሆንኩ?»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወልድያ የጀመረውን ጉዞ ትቶ፣ እንደገና ሊቆፍር ወደ ጅቡቲ በሚመለስ የጭነት መኪና ተሳፈረ።