ድንኳን ውስጥ የተሰቀለው የፀሐይቱ ካርቶን

እህቴ ፀሐይቱ ማረፏን የሰማሁት ምስር ስለቅም ነው። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተስፋለም ከሁለት ጎረቤቶች ጋር መጥተው በራፌ ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ሲምረት ልጄ፣ እስቲ ሰፌዱን አስቀምጪው» አሉኝ።

አስቀመጥኩት። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋቸውም። ጠዋት ደህና ወጥታ ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃለች። ሐኪም ቤት ሳትደርስ አልፋለች።

ፀሐይቱ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። አባታችን ከአዲግራት መጥቶ ባምቢስ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ ነበር። እኛን የወለደው ቂርቆስ ነው፤ ከዚያ ሰፈር አልወጣንም። እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች መዝገብ ቤት ተቀጠረች፤ እስከ መጨረሻዋም እዚያው ሠራች። ሥራ የምትሄደው በእግሯ ነው። ሸራ ጫማ ተጫምታ ትወጣና መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ በጥቁሩ ጫማዋ ትቀይራለች። የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሲሰፋ «ጫማ የምቀይርበትን ጥግ እንኳ አሳጡኝ» ብላ ሳቀች። ስትቆጣ ትግርኛ፣ ስትቀልድ አማርኛ ነበር የሚቀናት።

ሽማግሌ የተላከላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባታችን የማን ዘር እንደሆነ ሲያስጠና፣ ሲያስጠና፣ ሰውዬው ሌላ አገባ። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለ ባል ተነሥቶ አያውቅም። ጎረቤቱም እንደ መነኩሴ ያያት ጀመር። ጾም አታፈርስም፣ ከማኅበሯ አትቀርም። ደፋር ሰው ቢጠይቃት «እኔ መዝገብ ቤቱን አግብቻለሁ» ትላለች። ሰዉ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች።

አምና መሥሪያ ቤታቸው ስለ ጤናና ስለ ሕይወት ግብ ሥልጠና ሰጣቸው። አሠልጣኟ ለእያንዳንዳቸው ካርቶን አድላ፣ በሕይወታችሁ የምትፈልጉትን በሥዕል ለጥፉበት አለቻቸው። ጽሑፍ አይጻፍም። ራሳችሁን እዚያው ውስጥ እዩ፣ ጠዋት ስትነሡ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ቦታ ስቀሉት ብላለች። ልጆቹ ቪዥን ቦርድ ይሉታል። አጠገቧ የምትሠራው ጦቢያ የምትባል ልጅ የፀሐይቱን ጉርድ ፎቶ ወስዳ፣ ፊቷን በኮምፒውተር ከመጽሔት ሥዕሎች ላይ ገጥማ በቀለም አተመችላት። መጋጠሚያው አይታይም።

ካርቶኑን የሰቀለችው ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ በመዝጊያው ጀርባ ነው። አንድ ቀን መኝታ ቤቷ ሳላንኳኳ ስገባ መዝጊያውን ከፍታ ቆማ ታየዋለች። ቶሎ ዘጋችው።

«የመሥሪያ ቤት ጨዋታ ነው» አለችኝ።

«እሺ» አልኩና የተጣጠፈ ልብስ አስቀምጬላት ወጣሁ። ግን አይቼዋለሁ። ያየሁትን ሁለታችንም አላነሣነውም።

የቀብሯ ዕለት፣ ድንኳኑ እንደተተከለ፣ ጋሽ ተስፋለም ፎቶ ይምጣ አሉ። ፀሐይቱ ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። የአጎታችን ልጅ መርሃዊት መኝታ ቤቷ ገብታ ስትፈልግ ካርቶኑን አገኘችው። መርሃዊት በቅርቡ ኡራኤል ለቅሶ ደርሳ፣ የሟች ፎቶዎች ከልጅነት እስከ እርጅና በአንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው አይታለች። አሁን እንደዚያ ነው የሚደረገው። እህቴም የሕይወቷን ፎቶዎች ሰብስባ የለጠፈች መሰላት። ይዛው ወጣችና ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ አሰረችው። ግራና ቀኙን አበባ አደረገችበት።

እኔ ፍራሽ ላይ ነበርኩ። ሁለት ሴቶች ክንዴን ይዘዋል፤ ልነሣ ስል ሐዘኑ የባሰብኝ መስሏቸው ያጠብቁኛል። ካርቶኑ ላይ ፀሐይቱ በስፖርት ልብስ ስትሮጥ ትታያለች። ፀሐይቱ በዋና ልብስ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራለች። መሐል ላይ ከሁሉ ተለቅ ብሎ ፀሐይቱ ቬሎ ለብሳ ቆማለች። ከጎኗ ሱፍ የለበሰ ሰው አለ፤ ከአንገቱ በላይ ግን በመቀስ ተቆርጧል።

ከኋላዬ የተቀመጡት መንሾካሾክ ጀመሩ።

«ውይ በሞትኩት! ባሕር ሄዳ ነበር እንዴ?»

«ላንጋኖ ይሆናል እንጂ ምን ባሕር አለን።»

«በዋና ልብስ? ፀሐይቱ?»

«ዝም በይ፣ ቄሱ ይሰማሉ።»

«ኧረ ሙሽራዋን እዪ! መቼ ነው የተዳረችው?»

«በማዘጋጃ ይሆናላ፣ በስውር። የባሏን ፊት የቆረጠችው እንዳይታወቅባት ነዋ!»

«አበጀች እቴ። ይሄን ሁሉ ሆዳም ከመጥራት።»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የሚያዩኝ ለለቅሶ መስሏቸዋል። ፊቴ ግን በእፍረት ይነድ ነበር።

ጦቢያ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር መጣች። ካርቶኑን ስታይ ደነገጠችና አጠገቤ በርከክ አለች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ… ማለቴ፣ ቪዥን ቦርዷ ነው። ላውርደው?»

«ተዪው» አልኳት። «አሁን ብታወርጂው ለምን ይሉሻል።»

«ታዲያ ሰው እውነት እየመሰለው ነው!»

«ተዪው አልኩሽ።»

ሳልናገር የቀረሁበትን ምክንያት ያን ጊዜም አውቀው ነበር። በስውር ያገባች ሴት ቢያሟትም ያከብሯታል። በሃምሳ ዓመቷ ቬሎ የተመኘችን ሴት ግን «አይ ምስኪን» ይሏታል፤ ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ይስቁባታል። ፀሐይቱን ማንም ምስኪን ብሏት አያውቅም።

ከመሥሪያ ቤት ከመጡት መሐል አቶ ታዲዎስ ነበሩ። ከእሷ ጋር መዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሥርዓት ባለው ሱፍ መጥተው ጥግ ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ። የመንደሩ ሴቶች የእሳቸውን ሱፍና የካርቶኑን ሱፍ አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ድንኳኑ የገባ ሁሉ እኔን «ያጥናሽ» ብሎ ወደ እሳቸው ይሄዳል፣ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ «ያጥናዎት» ይላቸዋል። እሳቸውም ነገሩ አልገባቸውም፤ «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። ጋሽ ተስፋለም ትራስ አስመጡላቸው።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ አቶ ታዲዎስ ብቻቸውን ቤቴ መጡ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ስኒውን በእጃቸው ይዘው አልጠጡትም።

«ወይዘሮ ሲምረት፣ ልጆቼ አኩርፈውኛል» አሉኝ። «የእናታችን ሙት ዓመት ሳይወጣ አግብተህ ደበቅከን ይሉኛል። ከቂርቆስ ሰው ሰምተው ነው።»

«ምን አሏቸው?»

«አላገባሁም አልኳቸው። አላመኑኝም። ልደት፣ ትልቋ ልጄ፣ እናቴ ቤት ሌላ ሴት ልታስገባ ነበር ብላ ስልኬን አታነሣም። እርስዎ ቢነግሯት ታምናለች። እህቷ ነዎት።»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

ስኒውን አስቀመጡ። «ያው… የካርቶኑ ሥዕል ምኞት ነው ብለው ነዋ።»

ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። እህቴ መዝጊያውን ቶሎ የዘጋችበት ቀን እንኳ እንደዚያ አላፈርኩም። ያ ፊት የሌለው ሰው እርስዎ ነዎት ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ሳልጠይቃቸው እሳቸው ተናገሩ።

«እሷ አንድም ቀን ምንም ብላኝ አታውቅም። እኔም አላልኳትም። ምሳችንን አብረን እንበላ ነበር፣ በቃ። ሽሮዋን ታካፍለኛለች።» ስኒውን ገፋ አድርገው፣ «ብትለኝ ኖሮ አላፍርባትም ነበር» አሉ።

እስከ አርባዋ ድረስ ለልደት እነግራታለሁ ብዬ ቃል ሰጠኋቸው። ተነሥተው እስከ በሩ ሸኘኋቸው። የጎረቤት ሴቶች ከውጭ ሆነው ሲያዩን፣ አንዷ በእሳቸው ፊት ጎንበስ ብላ አሳለፈቻቸው።

አርባዋን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አወጣን። ልደት መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ወንድሟን አስከትላ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ አየኋት። ጸሎቱ ሲያልቅ እኔ ዘንድ መጣች። ያባቷ ዓይን ነው ያላት።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለችኝ። እጄን ግን አልለቀቀችም። አንድ ነገር እንድላት ነው የመጣችው።

መርሃዊትና ጋሽ ተስፋለም አጠገቤ ነበሩ። የእድሩ ሴቶችም ጆሯቸውን ጥለዋል። ወደ ጥግ ወስጃት ልነግራት እችል ነበር። አፌን ስከፍት፣ ቁም ሣጥኗ ፊት ጀርባዋን ሰጥታኝ የቆመችው ፀሐይቱ ናት የታየችኝ።

«ዳቦ ብሉ እንጂ» አልኳት።

ለወንድሟም ቆርሼ ሰጠሁት። ተቀብለው ሄዱ። አባትየው አጥሩ ሥር ቆመው ያዩን ነበር፤ አልቀረቡም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ታዲዎስ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። ሁለቱንም ጊዜ ነገ ብያቸዋለሁ። ለልደት እውነቱን እስካሁን አልነገርኳትም።