የካርፕ መንጠቆና የነዕማ ጣቶች

ሙዳሲር ዓሣ ማጥመድ ይችላል፤ መንጠቆ ማሰር ግን አይሆንለትም። ይህን ጉድ የምታውቀው ሚስቱ ነዕማ ብቻ ናት። ከባምባሲ ወጣ ብሎ ካለው ግድብ ካርፕ የሚያወጣው እሱ ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ «እጁ የተባረከ ነው» ይለዋል። እሱም ሲመሰገን አንገቱን ይደፋል። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ ምስጋናው የማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

ካርፕ ተንኮለኛ ዓሣ ነው። በቆሎውን በከንፈሩ ስቦ ይቀምስና ብረት ከተሰማው እንትፍ ብሎት ይሄዳል። የዛሬ ስድስት ዓመት ሙዳሲር አሶሳ ገበያ አንድ ሞባይል ቤት ቆሞ ቪዲዮ አየ። በቪዲዮው ላይ ያለው ፈረንጅ በቆሎውን መንጠቆው ላይ አልሰካውም፤ ከመንጠቆው ጀርባ እንደ ጸጉር የቀጠነ ክር አስተርፎ እዚያ ላይ አንጠለጠለው። ዓሣው በቆሎውን ሲስብ ባዶው መንጠቆ ተከትሎ አፉ ይገባል፤ ልትፋው ሲል ከንፈሩን ይይዘዋል። ሙዳሲር ቪዲዮውን በስልኩ ላይ አስጭኖ ወደ ቤቱ በረረ። ነዕማ ሁለት ጊዜ አየችውና ሦስተኛው ሳያልቅ አስራ ሰጠችው።

ምን ይገርማል! ነዕማ ሹሩባ ሠሪ ናት። ከወሎ በሰፈራ የመጣችው እናቷ ናት ያስተማረቻት። ክሩን በመንጠቆው አንገት ላይ ሰባት ጊዜ ትጠመጥማለች፤ ጫፉን በቀዳዳው ትመልሳለች፤ ከዚያ ሹሩባ በምትቀጥልበት ኪሮሽ ሁለት ፍሬ የተቀቀለ በቆሎ ታሾልክበታለች። በበቆሎውና በመንጠቆው መታጠፊያ መካከል ያለውን ክፍተት የምትለካው በትንሿ ጣቷ ጥፍር ነው።

ባለፈው ክረምት በድንገት ሽባነት ቀኝ ጎኗን ያዛት። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰላት፤ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ደንበኞቿ ሊጠይቋት ሲመጡ በሻርፗ ሥር ትደብቀዋለች። ኪሮሿንና ማበጠሪያዋንም በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። መንጌ ወረዳ አግብታ የምትኖረው ልጃቸው ማሪያም ይህን ሰምታ ሰኞ ዕለት ደወለች፤ «እማ፣ ጁምዓ መጥቼ እወስድሻለሁ። እኔ ጋ ትኖሪያለሽ።»

«እሺ ልጄ» አለች ነዕማ፤ «አባትሽም ከሸክም ይረፍ።»

ሙዳሲር በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው «አትሂጂ» ማለት ያፍራል? የኛ ሰውዬ አፈረ። መንጠቆውን ይዞ ወደ ግድቡ ወረደ።

ነዕማ ያሰረችለት መንጠቆዎች አንድ ባንድ ተበጥሰው አልቀው፣ አሁን የሚያስረው ራሱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ከጆንያው ባወጣው በቆሎ እየለካ ሲያስር፣ ነዕማ ከምንጣፏ ላይ ስታየው ቆየች። መጨረሻ ላይ አልቻለችም።

«በደረቁ በቆሎ ነው እንዴ የምትለካው?»

«አዎ። ምነው?»

«ሲቀቀል አያብጥም? አብጦ መንጠቆውን ይሸፍነዋል፤ ታዲያ በምኑ ይያዝልህ! ሴት ጸጉሯን ታጥባ ብትመጣ፣ ሲደርቅ እንደሚያጥር ሳላስብ እሠራታለሁ?»

«አንተ መቼ አስተማርከኝ!» አለ ሙዳሲር። የአፍ መፍቻው ቤርታ ነው፤ በአማርኛው ነዕማን ከተጋቡ ጀምሮ እንደ ወንድ ነው የሚያናግራት። እሷም ማረሙን ከተወችው ቆይታለች።

ተነሥቶ ከድስቱ የተቀቀለውን በቆሎ፣ ከሳጥኑ ኪሮሹን አመጣና በቀኟ በኩል ተቀመጠ። «አሳየኝ» አላት።

«በየትኛው እጄ?» አለች ነዕማ።

ሙዳሲር መንጠቆውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አጥብቆ ያዘና ፊቷ ዘረጋው። «ቀኙ እኔ» አለ።

ነዕማ ትንሽ አየችው። ከዚያ ክሩን በግራ እጇ አነሣች። መጀመሪያ አንሸራተታት። እንደገና ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ጠመጠመች፤ አምስተኛው ላይ ሙዳሲር ሲዘናጋ መንጠቆው ወጋውና ጮኸ። «ይሄ ጣት ነው ወይስ የበቆሎ ቆረቆንዳ!» ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሙዳሲር ሕመሙን ረስቶ አፍ አፏን አያት። በሦስተኛው ሙከራ ክሩ ያዘ። በቆሎውን አሾለኩ፤ ክፍተቱንም በግራ እጇ ጥፍር ለካችው።

«ነዕማ» አለ መንጠቆውን ሳይለቅ፤ «አትሂድ።»

ነዕማ ዓይኗን ከክሩ አላነሣችም። «እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሠራልህ? መንጠቆ በቀን አንድ ቢታሰር ነው።»

«ምንም አትሥራ። ሥራ ቢኖር እንሠራለን። ባይኖርም ተቀመጥ። እኔ ቤት ስገባ አንተ ከሌለ ለማን እገባለሁ?» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወደ ማንጎው ዞረ።

ጁምዓ ጠዋት ሙዳሲር ግድብ አልወረደም። ደርሶ ሲመለስ ነዕማን እንዳያጣት ፈርቶ፣ የሌለውን ሥራ እየፈለገ ግቢውን ሲዞር አረፈደ። ማሪያም ከመናኸሪያ የያዘችውን ባጃጅ በር ላይ አቁማ ገባች። የእናቷ ሻንጣ ማክሰኞ እንደተዘጋ ግድግዳው ሥር ነበር።

«እማ፣ ተዘጋጀሽ?»

«አልሄድም፣ ልጄ» አለች ነዕማ። «አባትሽ ለመነኝ።»

ማሪያም አባቷን ዞራ አየችው። በዕድሜዋ ሙሉ ውሃ እንኳ ስጡኝ ሲል ሰምታው አታውቅም፤ ራሱ ነው ተነሥቶ የሚቀዳው። «አባ? በአፉ?»

«በአፉ።»

ሙዳሲር አንገቱን ደፋ። ማሪያም ሻንጣውን አንሥታ ወደ ጓዳ መልሳ አስገባችና፣ የእናቷን ልብሶች አንድ ባንድ እያወጣች ማጠፍ ጀመረች።