በአንበሳውና በአጋዘኑ መካከል

ስልኬ ሲጮህ ቢሮ ነበርኩ። የደወለልኝ የማላውቀው የሚኒባስ ሾፌር ነው። አባትሽ ቢጠና ከተማ ወርደዋል፣ ቤታቸውን ብንጠይቃቸው ግን ጉኑኖ ነው የሚሉት አለኝ። አባቴ ሊጠይቀኝ ሶዶ መጥቶ አድሮ ነበር፤ የዚያን ዕለት ጠዋት መናኸሪያ በር ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበትን የጉኑኖ መኪና ትቶ፣ በሌላ አቅጣጫ የሚሄደውን ተሳፍሯል። ሾፌሩ ደግ ሰው ሆኖ መልሶ አመጣልኝ። ፍርሃቱ ግን ሆዴ ገብቶ ቀረ።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ገና ምንም ሳይሆን፣ የሚሆነውን ሁሉ አስቤ የምጨርስ ሰው ነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ጉኑኖ ከእንሰቱ ጋር ብቻውን ነው የሚኖረው። ከዚያ ቀን በኋላ በቀን ሦስቴ፣ አራቴ እደውልለት ጀመር። ካላነሳ በሐሳቤ ወይ ገደል ገብቷል፣ ወይ ቤቱ ተቃጥሏል። ሲያነሳ ደግሞ እየቆፈርኩ ነው፣ ምን ሆነሻል ይለኛል። በመጨረሻ ለምኜ፣ ትንሽም ዋሽቼ፣ ለእኔ ሕመም የምንሄድ አስመስዬ ሶዶ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ሐኪሙ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። አባቴን ተነስቶ ነው የተቀበለው። ጥያቄዎቹን በወላይትኛ የሚያስተረጉም ሰው ልጥራ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። አባቴ የአማርኛ አስተማሪ ነበር፣ የጉኑኖን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው አልኩት። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም፤ የግድግዳውንም ነገር አወራሁለት።

አባቴ በሚያስተምርበት ክፍል የጭቃ ግድግዳ ላይ መካነ እንስሳት ሥሎ ነበር። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ አንበሶቹን አይቶ በመጣ በሳምንቱ ነው የጀመረው። እንስሳቱን የመደባቸው ግን በፊደል ነው። በ«ጉ» ግቢ ጉማሬ፣ ጉሬዛና ጉጉት ይኖራሉ። በ«አ» ግቢ አንበሳ፣ አጋዘን፣ አዞ፣ አነርና አቦሸማኔ። ጅቡ የፊደል ጓደኛ ስላልተገኘለት ብቻውን ነበር።

አባቴ ይህን ለሐኪሙ ስናገር እየሰማ ፈገግ አለ። ሐኪሙም ደስ አለው። እንግዲያው በራስዎ ሙያ ልጠይቅዎት አለና ሰዓቱን አየ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ከመካነ እንስሳቱ በ«አ» የሚጀምሩትን ይንገሩኝ አለው።

«አንበሳ» አለ አባቴ ወዲያው።

ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጠመኔ እንደያዘ ሰው ሁለት ጣቶቹን ያፋትጋል። እኔ ሳላውቀው ከንፈሬ «አዞ፣ አዞ» ይላል። ሐኪሙ አየኝና በእጁ ተይ አለኝ።

«አጥር» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ጻፈ። ደቂቃው እስኪያልቅ ሌላ አልመጣም።

ያን አጥር እኔ ነኝ ያመጣሁት። አንደኛ ክፍል አስተማሪዬ እሱ ነበር። አጋዘኑ ከአንበሳው ጎን መቆሙን ሳይ፣ ይበላዋል ብዬ ፈርቼ ምሳ አልበላም አልኩ። አባቴ መጀመሪያ ቀለደብኝ፤ ፊደላቸው አንድ ስለሆነ ዘመዳሞች ናቸው፣ እርስ በርስ አይበላሉም አለኝ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ክፍል እንደገባሁ አጋዘኑ መኖሩን ሳላረጋግጥ አልቀመጥም ነበር። በሦስተኛው ቀን ቡናማ ቀለም ይዞ መጣና በሁለቱ መካከል አጥር ሣለ። ከእኔ በኋላ የተማሩት ልጆች ሁሉ የአባቴን መጠቆሚያ ዱላ እየተከተሉ ሲቆጥሩ፣ አንበሳ፣ አጥር፣ አጋዘን፣ አዞ ነበር የሚሉት። እሱም አንድ ቀን አርሟቸው አያውቅም።

ይህን ለሐኪሙ እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። አልተሳሳተም፣ ግድግዳው እንደዚያ ነው አልኩት። እስክጨርስ ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ።

«ገብቶኛል እህቴ» አለኝ። «ግን ከአጥሩ ወዲያ ያለውን አጋዘን አላገኙትም።»

በወላይትኛ ራስሽ ጠይቂያቸው፣ ፊደሉ ይቅር፣ የፈለጉትን አውሬ ይጥሩ አለኝ። ጠየቅሁት። አባቴ ጅብን ሦስት ጊዜ ጠራ። ጥፋቱ የቋንቋ እንዲሆን ምንኛ ተመኝቼ ነበር።

ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር የለባቸውም፣ ብቻቸውንም አይውጡ አለ። አባቴን ሶዶ እኔ ጋ አመጣሁት። የግቢዬ በር ድሮ በገመድ ነበር የሚታሰረው፤ አሁን ቁልፍ አስገጠምኩለት። የመጀመሪያውን ሰኞ ቢሮ ልሄድ ስል፣ ቁልፉን ይዤ ቆሜ መዝጋት አቃተኝ። ያስተማረኝን ሰው እንዴት ቆልፌበት እሄዳለሁ? ደግሞ ካልቆለፍኩ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ቢጠና የሚደርስ ይመስለኛል። ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጣሁ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ያየኛል። በዚያ ሳምንት ስሜን ሁለት ጊዜ በእናቴ ስም ለውጦታል። ያን ጊዜ ግን የጠራኝ በራሴ ስም ነው።

«ዝጊውና ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» አለኝ። «ያኔም አጥሩን የሣልኩት ለአጋዘኑ ብዬ አይደለም። አንቺ ምሳሽን እንድትበዪ ነው።»

ቆለፍኩት። ቢሮ እስክደርስ ድረስ ቁልፉን ከእጄ አላወጣሁትም።